እሺ ንግሥቴ

ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ የሰማሁት «እሺ» የሚል ቃል ነው። «እሺ… እሺ… እሺ በቃ…» የወንድሜ ሚስት ድምፅ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ወደቀ። ብርጭቆ ነው እንዳልል አልተሰበረም፤ ወንበር ነው እንዳልል ከወንበር ይለሰልሳል። ወዲያው የወንድሜ ድምፅ መጣ፤ ያ አገር በሙሉ የሚሳሳለት፣ እናቶች ልጅ የሚያባብሉበት ድምፅ፣ አሁን ግን ዝቅ ብሎ፣ ከጥርስ ጀርባ ሆኖ። ምን እንዳለ አልያዝኩትም። ቀጥሎ ቧንቧ ተከፈተና ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። እኔ አንዱን ካልሲ አጥልቄ ሌላውን በእጄ እንደያዝኩ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ማንነቴን የማያውቅ ካለ፣ በዚህ ከተማ ድምፄን ያልሰማ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዶ መታየት አለበት ብዬ ስለማምን፣ ብዙ አላብራራም። የመድረክ አስተዋዋቂ ነኝ። ዘፋኝ፣ ተዋናይ፣ ሯጭ፣ ሚኒስትር፣ ሙሽራ፣ ሁሉንም ወደ መድረክ የምጠራው እኔ ነኝ። እኔ ያልጠራሁት ሰው መድረክ ላይ ቢወጣም እንኳ ወጣ አይባልም። ነጎድጓድ ይሉኛል፤ ስሙን ያወጣልኝ ሕዝብ ነው፣ እኔ እንኳ ትንሽ ያንሰኛል ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ስታዲየም ውስጥ የአንድ ሯጭ ስም ስጠራ ጣሪያው ላይ የነበሩት ርግቦች ተነሥተው ሄዱ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ሌላ ጊዜ ደግሞ አዳራሽ ውስጥ የነበረች ነፍሰ ጡር በድምፄ ምጧ መጥቶ እዚያው ወለደች። ይህ ውሸት ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ። ልጁ ግን አለ፤ ሲያለቅስ ድምፁ ወፍራም ነው አሉ።

ታናሽ ወንድሜንም የሠራሁት እኔ ነኝ። እናታችን ወልዳዋለች፣ እሱን አልክድም። በሳምንታዊው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሚስቱ በተቆጣች ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበር እያደረገ «እሺ ንግሥቴ» የሚል ባል ሆኖ ይጫወታል። ቃሉን ደራሲው ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሕዝብ ያወረድኩት ግን እኔ ነኝ። አንድ ቀን መድረክ ላይ ስጠራው እንዲሁ መጣልኝና ማይኩን ወደ ተመልካቹ አዙሬ «ሚስት ስትቆጣ?» ብዬ ጠየቅኩ። አዳራሹ በአንድ አፍ «እሺ ንግሥቴ!» አለ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ያለዚህ ጥያቄ እሱን መጥራት ቀረ። ቃሉ ኮፍያ ላይ ታተመ፣ ኩባያ ላይ ታተመ፣ የታክሲ የኋላ መስታወት ላይ ተለጠፈ። ሰው ወንድሜን በስሙ መጥራት ትቶ «እሺታ» ይለው ጀመር። እሺታ መጣ፣ እሺታ አለፈ፣ ባል ከሆነ አይቀር እንደ እሺታ። ሴቶች ከባሎቻቸው ጋር ሲጣሉ የሱን ፎቶ እያሳዩ ነው የሚሳደቡት።

የምኖረው እሱ ግቢ ውስጥ ነው። ቤቱን ሲገዛ ከኩሽናው በችፑድ ከፍሎ በግቢው በኩል በር ያለው ክፍል ሠራልኝ፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ አንድ መስኮት፣ ግድግዳው ላይ ከታላላቅ ሰዎች ጋር የተነሣኋቸው ፎቶዎች። እርግጥ ፎቶዎቹ ላይ ታላላቆቹ ሰዎች ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ ነው። ችፑዱ ግድግዳ ለመባል ያህል የቆመ ነገር ነው፤ ወዲያ ማዶ ሽንኩርት ሲከተፍ እኔ ወዲህ አለቅሳለሁ። ጠዋት ጠዋት ሻይ ሲፈላ የወንድሜ ሚስት በማንኪያ ግድግዳውን ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ እኔም «መጣሁ እታለም!» እላለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ እኔን የሚጠራኝ ነገር ያች ማንኪያ ብቻ ነበረች።

ያን ቀን ማንኪያው አልመታም። ይልቅ እሷ ራሷ ሻይ ይዛ በሬ ላይ ቆመች። ወፍራም ሹራብ ለብሳለች፤ ኩባያውን የያዘችው በግራ እጇ ነው፣ ቀኟ ኪስ ውስጥ ነው።

«ምነው እታለም፣ እስከዚህ ተሸክመሽ? በማንኪያው ብትጠሪኝ አልመጣም ነበር?»

«ማንኪያዋ የት እንደገባች እንጃ።»

ሻዩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና አልሄደችም። ፎቶዎቼን አንድ በአንድ አየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየቻቸው ሁሉ። እኔ ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቅኩ። ካልሲ ማጥለቅ እንደዚያ ጊዜ ብዙ ሥራ ሆኖልኝ አያውቅም።

«ዛሬ ሽልማቱ ላይ እርስዎ ነዎት አይደል የሚጠሩን?»

«ታዲያ ማን ሊሆን ኖሯል? እኔ እያለሁ…»

«ያችን ጥያቄ አይጠይቋቸው፣ ጋሼ።»

«የቷን?»

«ያውቋታል። ሌላውን እንዳሻዎ ይበሉ። ፀሐይ ነው ይበሉት፣ ጨረቃ ነው ይበሉት። እሷን ብቻ። የሚያስቀምጡኝ ከፊት ነው። ያ ሁሉ ሰው ከጀርባዬ ሆኖ ሲጮህ… አልችልም።»

ስለ ፕሮግራሙ ቅደም ተከተል፣ ስለ ፕሮዲዩሰሩ፣ የተመልካች ፍላጎት ስለሚባለው ነገር አንድ ነገር ተናገርኩ። እሷ እየሰማችኝ አልነበረም። ወደ ችፑዱ ሄዳ መጋጠሚያው የለቀቀበት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ የኩሽናው ብርሃን በስንጥቁ በኩል ጣቷ ላይ አረፈ።

«ይሄ ድምፅ አያሳልፍም?» አለችኝ።

«እኔ እንኳ እንቅልፌ ከባድ ነው» አልኩ። «ቤቱ ቢነቀል ከነአልጋዬ ነው የሚወስዱኝ።»

ይህችን ቀልድ ስናገር የማይስቅ ሰው አይቼ አላውቅም። እሷ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ» አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ሳትዞር፣ «ዛሬ እርስዎም ከጠየቋቸው እዚህ ቤት ዘመድ አልነበረኝም ማለት ነው። ይህን አውቄ ልቁረጠው ብዬ ነው እንጂ ላስቸግርዎ አይደለም» ብላ ወጣች። ሻዩ መስኮቱ ላይ ቀዘቀዘ።

ከሰዓት በኋላ የሚካሄደው ሽልማት «የዓመቱ አርአያ ባለትዳሮች» ይባላል። በቀጥታ ይተላለፋል፣ ዋንጫ አለው፣ አበባ አለው። እኔም ለዚያ ቀን ብዬ ያሰፋሁት ሙሉ ልብስ አለ፤ ልብስ ሰፊው «ይህን ለብሰህ ስትወጣ ተሸላሚው አንተ ትመስላለህ» ብሎኛል። አንድ ነገር ግን በመካከላችን ይቅር። ወጣቶቹ አስተዋዋቂዎች አሁን ስልካቸውን እያዩ የሚያነቡ ሆነዋል፤ ድምፅ አያስፈልጋቸውም፣ ጥርስ ይበቃቸዋል። እኔን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚጠሩኝ ወንድሜ ያለበት መድረክ ላይ ነው። ክፍሉም የሱ ነው፣ ሥራውም በሱ ነው፣ ልብሱንም ያሰፋልኝ እሱ ነው። ስለዚህ የሴትዮዋ ልመና ለሰሚው ትንሽ ቢመስልም፣ እንደ እኔ ያለ ትልቅ ሰው ላይ ትልቅ ሆኖ ነው የወደቀው።

ፀጉሬን ለመስተካከል ወጣሁ። ፀጉር አስተካካዩን ምላጭ እንለዋለን፤ ከምላጩ ይልቅ ምላሱ ስለሚቆርጥ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ዳር ዳሩ የጠቆረ መስታወት፣ ከበሩ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ በርጩማ። ስገባ ክርክሩ ጦፏል። አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ ሚስቱን ደብድቦ ክንዷን እንደሰበረ በዚያ ሰሞን ወሬው ወጥቷል። ምላጭ የዘፋኙን ትልቅ ፎቶ ከግድግዳው አውርዶ ጥግ ላይ አቁሞታል፤ ፎቶው የነበረበት ቦታ ከቀረው ግድግዳ ነጥቶ አራት ማዕዘን ሠርቷል።

«ታዲያ ዘፈኑ ምን በደለ?» ይላል አንዱ የታክሲ ሾፌር፣ ግማሽ ፊቱ በሳሙና ተሸፍኖ። «እኔ የተጋባሁት ከድምፁ ጋር ነው፣ ከሱ ጋር አይደለም።»

«ከሱ ጋር የተጋባችውስ?» አለች ሻይ ሻጯ።

«እሷማ ትክሰሰው። ሕግ አለ አይደል? ፍርድ ቤት ይፍረድ፣ እኔ ታክሲዬ ውስጥ እሰማዋለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አገጭህን አታንቀሳቅስ፤ ኋላ አንተም ልትከሰኝ ነው» አለ ምላጭ። «እኔ የምለው፣ ስም የሰጠው ሕዝብ ነው። የሰጠ ሰው ደግሞ መልሶ መውሰድ ይችላል። ሊስትሮ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ታስሮ ነበር። እንዲህ ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው እኛ ስላጨበጨብንለት አይደል?»

«ተወው እባክህ፣ ጥበብ ሌላ ጠባይ ሌላ» አሉ ወረፋ የሚጠብቁት ጡረተኛ መምህር ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ። «ድልድይ የሠራ መሐንዲስ ቤቱ ውስጥ ክፉ ነው ተብሎ ድልድዩ ይፈርሳል?»

«ድልድዩ አይዘፍንባትማ ጋሼ!» አለች ሻይ ሻጯ ብርጭቆ እያለቀለቀች። «እሷ ዳቦ ልትገዛ ብትወጣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ እሱ አለ። ታክሲ ብትገባ እሱ አለ። ሰርግ ብትጠራ ያው እሱ። ‹የኔ ፍቅር› እያለ። ሁላችሁም አብራችሁ ታንጎራጉራላችሁ። የት ትሂድ?»

ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ፤ ምላጩ ብቻ የሾፌሩ አገጭ ላይ ሸር ሸር ይላል። እኔ በተፈጥሮዬ ዝምታ ሲፈጠር የምሞላው ሰው ነኝ፣ እንጀራዬም እሱ ነው። ያን ቀን ግን መስታወቱ ውስጥ የራሴን ጆሮ አይ ነበር። ትልቅ ጆሮ ነው ያለኝ፤ ከቤተሰቡ የኔን የሚያክል የለም።

ምላጭ ፊቱ በራ። «ደግነቱ አንድ ንጹሕ ሰው አለን!» ብሎ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጥቅል አወጣና ዘረጋው። ወንድሜ ነው። እጁ ደረቱ ላይ፣ አንገቱ ሰበር፣ ከሥሩ በትልቁ «እሺ ንግሥቴ»። «ዛሬ ሽልማቱ ሳይጀመር ልስቀለው ብዬ ነው። ነጎድጓዴ፣ እንኳን መጣህልኝ፣ አንተ ያዝልኝ፤ የወንድም እጅ ይባርከዋል።» ያዝኩለት። ምን ላድርግ? ነጣ ያለው አራት ማዕዘን ላይ ልክ ገጠመ። «ወደ ግራ ከፍ… ትንሽ… ነው!» ምስማሩን ሲመታ ወረቀቱ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሾፌሩ ከነሳሙናው አጨበጨበ። ሻይ ሻጯ እኔን ታይ ነበር፤ ወረቀቱን አይደለም።

አዳራሹ ስደርስ የጥበቃ ኃላፊው በሮቹን እያሳየ ሰዎቹን ይመድባል። ሥርጭቱ ከጀመረ ማስታወቂያ እስኪገባ በር አይከፈትም፤ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም፣ ሽንትም ቢሆን። ባለፈው አንዱ በመሐል ሲወጣ ከውጭ የገባው ብርሃን ካሜራውን አበላሽቶ አንድ ሰው ከሥራ ተባሯል። «በሕይወት ካለሁ አይከፈትም» አለኝ ኃላፊው በኩራት። እኔም ስለ ፊኛዬ ብርታት አንድ ታሪክ አወራሁለትና እየሳቅን ተለያየን።

ወንድሜን መልበሻ ክፍል አገኘሁት። ስገባ ክፍሉ በሳቅ ተሞልቷል፤ መብራት የሚያስተካክለውን፣ ኬብል የሚጎትተውን፣ አበባ ያመጣችውን፣ ሁሉንም በስማቸው ነው የሚጠራቸው። የጥበቃውን ታማሚ እናት ጠየቀ። ይህ ማስመሰል አይደለም፤ ከልቡ ነው፣ ቢያስመስል እኮ ይቀለኝ ነበር። ልጅ ሆኖ ውሻ ሲፈራ ትከሻዬ ላይ ተንጠላጥሎ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው፤ ያ ትንፋሹ እስካሁን አንገቴ ላይ አለ። ሜካፕ የምትሠራዋ ሴት ፊቱን ጨርሳ የቀኝ እጁን ጀርባ ዱቄት እየቀባች ነበር። እጁ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ካሜራው ስለሚያቀርበው ነው። የጣቶቹ መጋጠሚያ ላይ ደጋግማ ቀባችው፣ ምንም አላለችም። አመስግኖ ሸኛት። ሌሎቹም ወጡ።

«ጋሼ» አለኝ በመስታወቱ ውስጥ። «ጠዋት ሰማህ እንዴ?»

«ምኑን?»

«አይ፣ ምንም። ዕቃ ወድቆብን ነው።» ተነሥቶ ክራቫቴን አስተካከለልኝ፤ ሽቶው ጥሩ ነው። «ያንን ችፑድ አንሥተን በብሎኬት እናስገነባዋለን። ለአንተም ለእንቅልፍህ ይሻልሃል።»

«ጥሩ ነው» አልኩት።

«ደግሞ ዛሬ ‹ሚስት ስትቆጣ› የምትለዋን ደጋግመህ አስብላቸው እሺ? ካሜራው እሷ ላይ ነው የሚሆነው። ትንሽ ከፍቷታል ሰሞኑን። ሕዝቡ እንዲህ ሲወዳት ስታይ ደስ ይላታል።» ትከሻዬን ሳመኝ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣና ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ።

መድረክ ላይ ስወጣ ብርሃኑ ፊቴን መታኝ። ጭብጨባው ለእኔ ነበር፤ ቢያንስ ግማሹ። የፊተኛው ረድፍ ከመብራቱ ጠርዝ ላይ ስላለ ይታያል፤ እሷ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አጠገቧ የወንድሜ ባዶ ወንበር አለ። እኔ ሰው ስጠራ አጠራሬ ይታወቃል፤ መጀመሪያ ዝቅ ብዬ እንደ ምስጢር እጀምራለሁ፣ ከዚያ እየወጣሁ እየወጣሁ ስሙ ላይ ስደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ያች መያዣ ላይ ነው ጥያቄዋ የምትገባው። ጀመርኩ። የአገር ልጅ አልኩ፣ የቤት ምሰሶ አልኩ፣ ምላሴ በለመደው መንገድ ብቻውን ይሄዳል። ትንፋሼን ያዝኩ። አዳራሹም ከእኔ ጋር ያዘ። ማይኩ እጄ ውስጥ ወደ ሕዝቡ መዞር ጀምሯል፤ እጄም ለምዷል። እሷ ቀና አላለችም። የማየው አናቷን ብቻ ነው፣ የፀጉሯን መሐል መክፈያ፣ እንደ ተማሪ ልጅ ቀጥ ያለ።

አሁን ፀጉር ቤት ሲጠይቁኝ የምናገረው ሌላ ነው። እዚያ ስናገረው ንግግር አድርጌያለሁ፣ አዳራሹ አልቅሷል፣ ካሜራ የያዘው ሰው ካሜራውን ጥሏል። የሆነው ግን እንዲህ ነው። ማይኩን ወደ አፌ መለስኩና «ወንድሜ ነው» አልኩ። ይኸው ነው። ድምፄም አልነጎደም፤ ከጉሮሮ ሕመም የተነሣ ሰው ድምፅ ነበር።

ምን ጠቀመ? አዳራሹ ጥያቄውን ሳይጠየቅ መለሰ። መጀመሪያ ከኋላ አንዱ «እሺ ንግሥቴ!» አለ፤ ከዚያ ጎኑ ያለው፤ ከዚያ ሁሉም፣ በጭብጨባ፣ በእግር። ይህን ሁሉ ዘመን እኔ የማስጮኻቸው ይመስለኝ ነበር። ወንድሜ እየሳቀ ወጣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ በአጠገቤ ሲያልፍ በዓይኑ ብቻ አየኝ። ከዚያ ማይኩን ተቀበለኝና እጁን ወደ ፊተኛው ረድፍ ዘርግቶ «ንግሥቴ ትምጣልኝ!» አለ።

እሷ ተነሣች። አዳራሹም ተነሣ። እሷ ግን ወደ ደረጃው አልመጣችም። በመሐለኛው መተላለፊያ፣ በሚያጨበጭበው ሰው መካከል፣ ወደ ኋላ ወደ ትልቁ በር መሄድ ጀመረች። አልሮጠችም፤ ገበያ እንደምትሄድ ሴት ነው የሄደችው። ካሜራው ተከተላት። ሰዎቹ የዝግጅቱ አካል መስሏቸው እያጨበጨቡ መንገድ ለቀቁላት፤ አንዷ አበባ ሰጠቻት። «ታፍራለች እኮ!» አለ ወንድሜ በማይኩ፣ አዳራሹም ሳቀ። «ንግሥቴ፣ ተመለሺ! ያለ አንቺ ዋንጫውን ማን ይሸከምልኛል?» ሳቁ ባሰ። እሷ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ሁለት ጥበቃዎች በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል፤ አንዱ ፈገግ ብሎ በእጁ ወደ መድረኩ ያሳያታል። እሷ በግራ እጇ መያዣውን ነካች። ጥበቃው ራሱን ነቀነቀ። «ተመለሺ እንጂ» አለ ወንድሜ አሁንም በማይኩ፣ አሁንም እየሳቀ፤ ግን ድምፁ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ከጥርስ ጀርባ ሆኖ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ያንን ድምፅ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሷም ትከሻዋ ሲሰበሰብ ከመድረኩ ድረስ ታየኝ።

ማይክ አልነበረኝም። ለእኔ ማይክ ጌጥ ነው፤ ይህን ሁልጊዜ እላለሁ፣ የሚያምነኝ ግን አልነበረም።

«በሩን ክፈቱላት!»

ይህችን አላጋንናትም፤ ማጋነን አያስፈልጋትም። ጥበቃዎቹ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከዚህ ድምፅ ትእዛዝ ሲቀበሉ ነው የኖሩት፤ መብራት ይጥፋ ያለው፣ መጋረጃ ይከፈት ያለው ይኸው ድምፅ ነው። ወደ ኃላፊያቸውም ሳይዞሩ ከፈቱት። የከሰዓቱ ፀሐይ እስከ መተላለፊያው መሐል ድረስ ገባ። እሷ አበባውን በበሩ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ወደ ኋላ ዞራ አላየችኝም። ባታየኝም ግን ሰምታኛለች።

ከዚያ አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ። ወንድሜ ከማናችንም ቀድሞ ነቃ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ወደተከፈተው በር «እሺ ንግሥቴ!» አለ። ዋንጫውን ብቻውን ተቀበለ። እንደዚያ ቀን ተወዶ አያውቅም።

ኮሪደር ላይ ሰዎች እጄን ጨበጡኝ። «ያ የበሩ ነገር እንዴት ያለ ትወና ነው! ተለማምዳችሁት ነው?» ይሉኛል። አንዱ ጋዜጠኛ «ሐሳቡ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሕይወቴ የሌላ ሰው ሐሳብ የእኔ ነው ብዬ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን «የሷ ነው» አልኩት፤ ጻፈው። ፕሮዲዩሰሩ ወደ ጥግ ወስዶኝ ከእንግዲህ ድምፄን እንዳሳርፍ፣ ዕድሜም እንዳለ፣ በትሕትና ነገረኝ። ወንድሜ በደጋፊ ተከቦ በአጠገባችን አለፈ። ቀና ብሎ አላየኝም።

በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱ ዳር ያሉ ሱቆች ቴሌቪዥናቸው ክፍት ነው፤ ሁሉም ውስጥ ወንድሜ ዋንጫ ይዞ አንገቱን ይሰብራል። ፀጉር ቤቱ ሊዘጋ ነበር። ፖስተሩ በቦታው አለ። ሻይ ሻጯ ብርጭቆዎቿን ቅርጫት ውስጥ እየሰበሰበች ሳለ ስታየኝ እጇን አቆመች።

«የት ሄደች?»

«አላውቅም።»

«ጎሽ» አለች። «ማንም ቢጠይቅዎ እንዲሁ ይበሉ።» ከቅርጫቷ አንድ ብርጭቆ መልሳ አውጥታ ከቴርሞሱ ሥር የቀረውን ሻይ ቀዳችልኝ፤ ቆሜ ጠጣሁት። ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አፌ አልገባም ነበር።

ክፍሌ ገብቼ መብራት ሳላበራ ተቀመጥኩ። የጠዋቱ ኩባያ መስኮቱ ላይ እንዳለ ነው፤ ሻዩ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶበታል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እዚህ ክፍል ውስጥ እንደማልሆን አውቃለሁ፤ ፎቶዎቹን በየትኛው ካርቶን እንደምከት አሰብኩ፣ ከዚያ እኔን የማያውቁኝ ሰዎች ጀርባ መሆናቸውን አስቤ ተውኩት። የጎረቤቶቹ ቴሌቪዥን ዝግጅቱን በድጋሚ እያሳየ ነው። የራሴ ድምፅ በአጥሩ በኩል መጣ፣ «ወንድሜ ነው»፤ ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ። ጎረቤቲቱ ለባሏ «አየህ፣ አየህ እንዴት እንደምታፍር!» ስትል ሰማሁ።

የግቢው በር ተከፈተ። መኪናው ገባ። የወንድሜ ጫማ ሳሎኑን አቋርጦ ኩሽና ደረሰ። ስሟን ጠራ፤ ስሟን ሲጠራ ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ሌላ ክፍል ሄደ፣ ተመለሰ። መሳቢያ ተከፈተ፣ መሳቢያ ተዘጋ። ወንበር ተሳበ። ከዚያ ምድጃው ሥር የሆነ ነገር ሲፋቅ፣ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ተሰማ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ሲያነሣው የጉልበቱ ቋ ማለት ሳይቀር መጣልኝ። የአገር ሁሉ ወዳጅ ከግድግዳው ወዲያ ብቻውን ይተነፍሳል፤ እኔ ወዲህ ብቻዬን እተነፍሳለሁ።

ከዚያ ማንኪያዋ ግድግዳውን መታች። ኳ ኳ፣ ልክ እንደሷ። እኔም ከአልጋዬ ላይ ብድግ አልኩ፤ «መጣሁ እታለም» ልል አፌ ተከፍቶ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ። ድምፁ ትንሽ ነበር፣ ውሻ የሚፈራው ልጅ ድምፅ። «ጋሼ… ትሰማኛለህ?»

«እሰማሃለሁ» አልኩት። «ሁልጊዜም ይሰማ ነበር።»

ማንኪያዋ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ተብላ ስትቀመጥ ሰማሁ።